አብነርን ያየ ሰው

ኮያይኬ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 1994

ይድረስ ለእትዬ ኤደልሚራ ካርካሞ
ቾንቺ፣ ቺሎዌ ደሴት

እንዴት ሰነበቱልኝ? ባሕሩ በሰላም መለሰዎት? መርከቡ ላይ «ከማን ጋር እንደምትበይ ጻፊልኝ» ብለው ስላዘዙኝ ይኸው መታዘዜ ነው። ከማንም ጋር አልበላም። ምግብ ቤት ስገባ አሳላፊው በትከሻዬ አሻግሮ በሩን እያየ «ሌላ ሰው ይመጣል?» ይለኛል። «አይመጣም» ስለው ሁለተኛውን ሳህን ከነሹካው አንስቶ ይሄዳል። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሳህን ሲነሳ ማየት እንዲህ ሆድ ያስብሳል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያረፍኩበት የእንግዳ ማረፊያ ቤት ውስጥ ሻንጣ አዝለው አገር የሚዞሩ ወጣቶች አሉ። ጠዋት ይተዋወቃሉ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ጡት እንደጠቡ ወንድምና እህት ይሳሳቃሉ። እኔ አጠገባቸው ስቀመጥ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እናታቸው ድንገት የመጣችባቸው ይመስል። የአገሬው ሰው ደግሞ ብቻዋን የምትዞር ጎልማሳ ሴት ሲያይ ወይ ተጣልታ የወጣች ወይ ለመሞት የመጣች ይመስለዋል። ትናንት ዳቦ ሻጯ «ባልሽ የት አለ?» አለችኝ። «ሞቷል» አልኳት። «ልጆችሽስ?» «አልወለድኩም።» ዳቦውን በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብላ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረች። ከለቅሶ ቤት የምወጣ ነው የመሰለኝ።

ስለዚህ እርስዎን አስባለሁ። ከኬዮን እንደተነሳን ማዕበሉ ሆዴን ሲገለብጠው ባልዲ ይዘው የደረሱልኝ እርስዎ ነበሩ። «አይዞሽ፣ ባሕሩ እንግዳ ሲወድ እንዲህ ነው የሚስመው» ብለው አሳቁኝ። ከዚያ በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን፣ የማቴ ሻያችንን እየተቀባበልን ስንጠጣ፣ ባሌ ኔልሰን ከሞተ ወዲህ ለማንም ያልተነፈስኩትን ሁሉ ዘረገፍኩብዎት። ኡራጓይ፣ ፓይሳንዱ ያለው ቤቴ ዝምታው እንዳባረረኝ፣ ሸሚዝ ፋብሪካው ሲዘጋ የሥራ ጓደኞቼ እንደ ጉም መብነናቸውን። እርስዎ ስለ ራስዎ ያሉኝ ግን ጥቂት ነው። ቻካቡኮ ወደብ ላይ «እኔ ትንሽ ልናፈስ ነው የመጣሁት» ብለው ተሰናበቱኝ፤ በኋላ ከሩቅ ሳይዎት ከአንዱ ጀልባ ወደ ሌላው እየሄዱ ሰው ያነጋግሩ ነበር። መጠየቄ ካላስቀየመዎት፣ የጠፋብዎት ሰው አለ?

አክባሪዎ
ዙሌማ አሪዬታ

ቾንቺ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን

እህቴ ዙሌማ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይሄን «እርስዎ» ተዪልኝ። ባልዲ የያዘልሽን ሰው «እርስዎ» ማለት ያስቃል። በስድስት ዓመት ብበልጥሽ ነው።

ያየሽው እውነት ነው። ልናፈስ አልሄድኩም። ይቅር በይኝ፤ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሌላው ሴት ለሽርሽር የወጣሁ መስዬ፣ ከመርከብ ጓደኛዬ ጋር መሳቅ ጣመኝ። ብነግርሽ ኖሮ ያንን ሳቅ አንስቅም ነበር።

አንድ ልጅ አለኝ፤ አብነር ኦያርሱን ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ሸርጣን ለማጥመድ ወደ ደቡብ ወረደ፤ መጀመሪያ በየበዓሉ ይጽፍ ነበር። ድምፁ ከጠፋ አራት ዓመት ሆነው። የመጨረሻው ፖስታ ካርዱ ከፑንታ አሬናስ ነው የመጣው፤ «ይበርዳል፣ ደህና ነኝ» ይላል እንጂ ሌላ ነገር የለውም። በየበጋው እየተነሳሁ አንድ አንድ ወደብ እጠይቃለሁ። ዘንድሮ ከቻካቡኮ አላለፍኩም፤ ባሌን ለጎረቤት ትቼ ከዚያ በላይ መራቅ አልቻልኩም።

አንቺ እስከ ታች ድረስ እንደምትወርጂ ነግረሽኛል። በመንገድሽ ብትጠይቂልኝ? በግራ እጁ ትንሿና የቀለበት ጣቱ የሉም፤ በልጅነቱ የመርከብ ገመድ ቆርጧቸዋል። ሌላ ምልክት አልሰጥሽም፤ ከአራት ዓመት በኋላ መልኩን እኔም አላውቀው ይሆናል።

ሄሪቤርቶ ዓይኑ ከጠፋ ቆይቷል፤ አሁን እግሩም አልታዘዝ ብሎታል። ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው የማነብለት፤ ያንን እያወቅሽ ጻፊ። የሳህኑን ነገር ሲሰማ ተናደደ። «እኛ ዘንድ ብትሆን ይጨመርላታል እንጂ አይነሳባትም» አለ። ሰላም ብሎሻል።

ኤደልሚራ

ፑንታ አሬናስ፣ ማርች 2 ቀን

ኤደልሚራዬ፤

አንቺም ጋሽ ሄሪቤርቶም እንደምን ከረማችሁ? ከማን ጋር እንደምበላ መርከቡ ላይ ጠይቀሽኝ አልነበር? አሁን ከሰው ጋር ነው የምበላው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

እንደደረስኩ ወደብ ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎች ዘንድ ሄጄ ቆምኩ። እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነበር። «አብነር ኦያርሱን የሚባል የቾንቺ ልጅ ታውቃላችሁ?» አልኩ።

«የቺሎዌ ልጅ?» አለኝ አንዱ ቀና ሳይል። «እዚህ ድንጋይ ብትወረውሪ የሚያርፈው የቺሎዌ ሰው አናት ላይ ነው። ምንሽ ነው? ጥሎሽ የጠፋ ባልሽ ነው?»

«ለባልነት ልጅ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው» አልኩት።

«ታዲያ ምን አለበት? ዘመኑ እንደሆነ ተበላሽቷል።»

ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ አንዱ የዓሣ ሳጥን ገልብጦ «ተቀመጪ እንጂ፣ ቆሞ የሚጠይቅ ፖሊስ ነው» አለኝ። ይኸው ከዚያ ቀን ወዲህ ሳጥኗ የኔ ሆናለች። መረብ መጠገን አስተምረውኛል፤ ሸሚዝ ስሰፋ የኖርኩ ስለሆንኩ ቶሎ ገባኝ። የአንዱ ሚስት እሁድ ለምሳ ጠራችኝ።

ኤደልሚራ፣ አንድ የማፍርበት ነገር ልንገርሽ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ «ብቻሽን ምን ልታደርጊ መጣሽ?» ሲሉኝ መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ። ሰው የሚፈልግ ሰው ብቻውን አይመስልም። በልጅሽ ስም የስንቱ ቤት በር ተከፈተልኝ። ያንቺ ሐዘን ለኔ እንጀራ ሆነኝ፤ እንዳትታዘቢኝ።

አሁን ዋናውን። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጋሽ ኦኖፍሬ የሚሏቸው ዝምተኛ ሰው፣ ሰኞ ዕለት ለብቻዬ ጠርተው «ሁለት ጣት የሌለው ልጅ ፖርቬኒር ውስጥ አውቅ ነበር። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ የቺሎዌ ልጅ ስለሆነ ቺሎቴ ነበር የምንለው» አሉኝ። ፖርቬኒር ከባሕር ወሽመጡ ማዶ ነው፤ ከዚህ ቆሜ ዳርቻው ይታየኛል። ነፋሱ ፋታ እንደሰጠ እሻገራለሁ። ጋሽ ሄሪቤርቶ፣ በርቱልኝ።

ዙሌማ

ቾንቺ፣ ማርች 21 ቀን

ዙሌማ፤

ምን ብዬ ልጀምር? ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። በሦስተኛው «ጢሜን ላጪኝ» አለ። በጋውን ሙሉ ምላጭ አላስነካም ብሎ የከረመ ሰው ነው። አሁን መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ አስቀምጠነዋል፤ ባያይም መንገደኛ ሲያልፍ በኮቴው እየለየ ይጠራና «አብነር ፖርቬኒር ነው ያለው» ይለዋል። ጎረቤት ሁሉ ደብዳቤሽን ሊሰማ ይመጣል። የሱቋ ሉድሚላ እንኳ «ያቺ የኡራጓይ ሴትዮ ሳጥን ላይ ተቀመጠች ወይስ ገና ቆማለች?» እያለች ትጠይቀኛለች።

ጋሽ ኦኖፍሬ «አውቅ ነበር» ማለታቸውን ሳነብ ግን «ነበር?» አለ። እኔም ቀና ብዬ «ሽማግሌ ሁሉ በ‹ነበር› ነው የሚያወራው፤ አንተም እንደዚያው ነህ» አልኩት። ሳቀ።

ሐዘኔ እንጀራ ሆነኝ ላልሽው፣ ይሁንሽ፤ ብይው። ለእኔ መርዝ ሆኖ ከሚቀር አንቺን ያጥግብሽ።

ድንቹን እየቆፈርን ነው። ከዚያ የፖም ጠጁን እንጥላለን። አንድ የተማከርነው ነገር አለ፤ ሐሳቡ የሄሪቤርቶ ነው። ፎቅ ላይ ያለው ክፍል ምድጃው በሥሩ ስለሆነ ይሞቃል። መጥተሽ ክረምቱን እኛ ዘንድ አሳልፊ። ከወደድሽው ከዚያም በኋላ ቆዪ። ፓይሳንዱ ማን ይጠብቅሻል? ክፍሉን ኖራ አስቀብቼዋለሁ። አልጋው የአብነር ነበር፤ እሱ ከመጣ ደግሞ ሌላ እናሠራለን።

ካገኘሽው አትቆጪው። ከስቶ እንደሆነ፣ አግብቶ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ኤደልሚራ

ፖርቬኒር፣ ኤፕሪል 5 ቀን

ኤደልሚራ፣ ጋሽ ሄሪቤርቶ፤

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን። ደብዳቤያችሁ በፖርቬኒር ፖስታ ቤት በኩል ደርሶኛል። ስለ ክፍሉ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ኖራ ማስቀባታችሁን ሳነብ ከፖስታ ቤቱ ወጥቼ ትንሽ ነፋስ ወሰድኩ።

ነፋስስ እዚህ ሞልቷል። ቤቶቹ ሁሉ ቆርቆሮ ናቸው፤ ሲነፍስ ከተማው በሙሉ እንደ ባዶ ጣሳ ይንኳኳል። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሐይቅ አለ፤ እግራቸው ረጅም፣ ላባቸው ቀላ ያለ ወፎች ይቆሙበታል። እንዲህ ባለ ብርድ ምን እንደሚሠሩ እንጃ። ያረፍኩት ኖልፋ በምትባል ሴትዮ ቤት ነው፤ ለዓሣ አጥማጆች አልጋ ታከራያለች። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አብሬያት አቦካለሁ። እጇ ጠንካራ ነው፣ ነገሯ ግን ለስላሳ ነው።

ጉልበቴን ትንሽ ስላመመኝ ነው ለመጻፍ የዘገየሁት፤ አትስጉ። ድንቹ እንዴት ወጣ? የፖም ጠጁስ? ፖስታ ቤቱ ሊዘጋ ስለሆነ በዚሁ ልተው። ሰው ሁሉ ሰላም ይበልልኝ፤ ሉድሚላም፣ ጎረቤቶቻችሁም።

ዙሌማ

ቾንቺ፣ ኤፕሪል 20 ቀን

ዙሌማ፤

ይህን የምጽፍልሽ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀምጬ ነው። ሄሪቤርቶ እዚህ እንዳለሁ አያውቅም።

ደብዳቤሽን አነበብኩለት። ስለ ነፋሱ ሰማ፣ ስለ ወፎቹ ሰማ፣ ስለ ዳቦው ሰማ። ሳበቃ «ልጄን ረሳችው እንዴ?» አለ። «አልረሳችም፤ እየጠየቀች ነው ትላለች» አልኩት፤ ከራሴ ጨምሬ። እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለኝና በጣቱ ዳሰሰው። ከዚያ መለሰልኝ።

እኔም ደጋግሜ አየሁት። ስሙን አንድም ቦታ አልጻፍሽም። ለእኔ ብለሽ እንደተውሽው አውቃለሁ፤ ከዚህ በላይ ግን አልችልም። ስለ ወፍ የምትጽፊልኝ ሴት አይደለሽም አንቺ።

መልሱን በሉድሚላ ሱቅ አድራሻ ላኪልኝ። እንደሆነው ጻፊው። አታለሳልሺው።

ኤደልሚራ

ፖርቬኒር፣ ሜይ 4 ቀን

ኤደልሚራ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

አብነር ሞቷል። ዘንድሮ ሦስተኛ ክረምቱ ነው። የተሳፈረባት ሸርጣን አጥማጅ ጀልባ ነፋስ ገለበጣት፤ አብረውት የነበሩት ሁለቱ አልተገኙም፤ እሱን ባሕሩ ወደ ዳር አወጣው።

በደረስኩ ዕለት ነው የሰማሁት። ኖልፋ ቤት አልጋ ስጠይቅ፣ እንደለመድኩት ስለ ሁለቱ ጣቶች አነሳሁ። እጇ ሊጥ ውስጥ ነበር። ሳታወጣው «አንቺ ምኑ ነሽ?» አለችኝ።

«የእናቱ ጓደኛ ነኝ።»

«እናት ነበረችው?»

«ነበረችው ሳይሆን አለችው። አባትም አለው። የለኝም ብሎሽ ነበር?»

«ምንም አላለኝም። እኛ ነን ያልጠየቅነው። እዚህ አገር ሰው ሲመጣ ‹ከየት ነህ፣ የማን ልጅ ነህ› አይባልም፤ ከፈለገ እሱ ይናገራል። አንድ ዓመት እዚህ ተኛ፣ ዳቦ እየበላ ያመሰግነኝ ነበር። ቺሎቴ እንለው ነበር፣ አቤት ይል ነበር።» ከዚያ ወንበር ሳበችልኝ፤ ራሷም ተቀመጠች። «እኔ ነኝ አጥቤ የገነዝኩት። የሚጠይቀው መጥቶ ምን አደረግሽው ቢለኝ ብዬ በደንብ ነው ያደረግሁት። የመጣ ሰው የለም።»

ወስዳ አሳየችኝ። መቃብሩ ባሕሩን ያያል፤ በዙሪያው ሣር አለ። መስቀሉ ላይ «ቺሎቴ» ብቻ ነበር የተጻፈበት። ከኖልፋ ጋር ሆነን በነጭ ቀለም «አብነር ኦያርሱን ካርካሞ፣ ቾንቺ» ብለን ጻፍንበት። ሳላስፈቅድሽ ነው፤ ይቅር በይኝ። ስም ሳይኖረው አንድ ቀን እንዲያድር አልቻልኩም።

ለምን መጻፍ እንዳቆመ ጠየቅሁ። ኖልፋ አታውቅም። የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እንደሆነው ጻፊ ስላልሽኝ ምክንያት አልፈጥርልሽም።

ያን የወፍ ደብዳቤ የጻፍኩት ጮክ ብለሽ እንደምታነቢው ስላወቅሁ ነው። ጋሽ ሄሪቤርቶ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ፣ አንቺ ከአፍሽ ስታወጪው ታየኝ። ብዕሬ እንቢ አለ።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ? የሚነሳ መርከብ አለ። ለቅሶ ብቻን የሚለቀስ ነገር አይደለም፤ ቢያንስ አብሬሽ ልቀመጥ። ነይ በይኝ።

ዙሌማ

ቾንቺ፣ ሜይ 22 ቀን

ዙሌማ፤

ሉድሚላ ሱቅ ውስጥ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀምጬ አነበብኩት። ሉድሚላ እያየችኝ ስለነበር አላለቀስኩም። ዱቄት ገዝቼ ወጣሁ። ቤት ስደርስ ሄሪቤርቶ «ፖስታ መጣ?» አለኝ። «አልመጣም» አልኩት። ምሳውን አቀረብኩለት። ይኸው እንዲህ እየዋልኩ ነው።

ስሙን ስለጻፍሽለት እግዚአብሔር ይስጥሽ። ለኖልፋም እጇ ይባረክ በያት። አንድ ነገር ብቻ ከልቤ አልወጣ አለኝ። አንድ ዓመት ሙሉ በሕይወት እያለ፣ ዳቦ እየበላ፣ ሳይጽፍልኝ ኖረ ማለት ነው። ሞቱን እንደ ምንም እችለው ይሆናል። ያንን ዓመት ግን የት አባቴ ላድርገው?

ሄሪቤርቶ ሕመሙ ጠንቶበታል። ሐኪሙ ክረምቱን የሚያልፍ አይመስለኝም ብሎኛል። ስለዚህ አንድ የመጨረሻ ነገር ልለምንሽ። ደብዳቤ ጻፊለት። አብነርን ያየ ሰው አገኘሁ በይ። አንቺ አየሁት እንዳትዪ፤ አንቺ ካየሽውማ ለምን ይዛው አልመጣችም ይላል። ያየ ሰው ይሁን። ሩቅ ይሁን፣ ቶሎ የማይመለሱበት ሥራ ላይ ይሁን። ደህና ይሁን። እኔ አነብለታለሁ። ድምፄን አውቀዋለሁ፣ አያሳጣኝም።

እንደሱ ከጻፍሽ ደግሞ መምጣት የለብሽም። ከመጣሽ እጅሽን ይዞ ነው የሚጠይቅሽ፤ አንቺ በወረቀት እንኳ መዋሸት አቅቶሽ አይቻለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ልደብቅሽ አልፈልግም። በሬ ላይ ብትቆሚ የማየው አንቺን አይሆንም፤ ያንን መስቀል ነው። ጥፋትሽ አይደለም። ላኪሽ እኔው ነኝ። ግን እንደዚያ ሆነብኝ፤ ልቤን ብለምነው እምቢ አለኝ። ክፍሉን ቆልፌዋለሁ።

ከዚያች ደብዳቤ በኋላ አትጻፊልኝ። በዚህ ዕድሜ እህት አገኘሁ ብዬ ነበር። ይብላኝ ለሁለታችንም።

ኤደልሚራ

ፑንታ አሬናስ፣ ጁን 10 ቀን

ይድረስ ለተከበሩ ጋሽ ሄሪቤርቶ ኦያርሱን፣ ለኤደልሚራም፤

ጤና ይስጥልኝ። እግርዎን እንዴት አደረገዎት? ቅዝቃዜው እንደበረታ ሰምቻለሁ፤ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ስለዘገየሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የተጨበጠ ነገር ሳልይዝ መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው። አሁን ይዣለሁ። አብነርን ያየ ሰው አገኘሁ። ሴጉንዶ ይባላል፤ የትልቅ ዓሣ አጥማጅ መርከብ ወጥ ቤት ነው። ከአብነር ጋር እስካለፈው በጋ አብረው ሠርተዋል። መርከቡ ከአርጀንቲና በኩል እየተነሳ ወደ ሩቅ ባሕር ይሄዳል፤ አንዴ ከወጣ ወራት ሳይመለስ ይቆያል አለኝ። ለዚህ ነው ወሬው የጠፋው፤ መሬት ብዙ አይረግጥም።

ጤናው እንዴት ነው አልኩት። «ወፍሯል፤ የኔን ወጥ የበላ የት ይከሳል?» አለኝ። ጨዋታ ያውቃል ወይ ብዬም ጠየቅሁት። «እሱ ከሌለ መርከቡ ላይ አይሳቅም» አለ። አላገባም፤ ግን አንዲት የወደብ ልጅ ትጠብቀዋለች ይባላል። ስለ እናንተ ያነሳ እንደሆነም ጠየቅሁ። ያነሳል አለኝ። ባሕሩ ሲከፋ «አባቴ ይሄን ነፋስ በጠረኑ ያውቀዋል» ይላል አሉ። አለመጻፉ ያሳፍረዋል፤ ቀኑ በረዘመ ቁጥር ምን ብሎ እንደሚጀምር ይጠፋዋል። ልጅ እንዲህ ነው፤ እንዳይቀየሙት።

ኤደልሚራ፣ እዚህ ላይ አረፍ በይና ውሃ ጠጪ። ረጅም አደረግሁት፤ ድምፅሽ ይደክማል።

ሴጉንዶ ሲመለስ ሰላምታችሁን እንዲያደርስልኝ አደራ ብዬዋለሁ። ሰላምታው እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል፤ እርስዎ ግን ሳይቸኩሉ ይጠብቁ።

ለክረምቱ እንደምትጠብቁኝ አውቃለሁ። ሆኖም በዚያ በኩል የሚያልፍ መርከብ አላገኘሁም፤ በአርጀንቲና በኩል በአውቶቡስ ወደ ቤቴ መመለሴ ነው። ስለ ክፍሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለኔ አታስቡ፤ መንገድ ላይ ብዙ ሰው ተዋውቄያለሁ፣ ጓደኛ አላጣሁም።

ዙሌማ